ስማችን ከጣራ ነው የወረደው

ለምወድህ ወንድሜ ለቬንደሊን ቻፕ፣ አዴላይድ፣

ከዛብሮዲ ጉም ውስጥ ተነሥቶ ያን ሁሉ ባሕር የሚሻገረው ሰላምታዬ ሳይበርድ ይድረስህ። ለመሆኑ እንዴት ነህ? ጉልበትህ እንዴት ሆነ? ማርግሬት ደረጃ መውጣት እንደ ከበደህ በስልክ ነግራኛለች፤ አንተ ግን ለእኔ ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» ትላለህ። ከልጅነትህ ጀምሮ ደህና ነኝ የምትለው ሲያምህ ነው። ጆሮህስ? መስሚያውን ታደርገዋለህ ወይስ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል? ማርግሬት ራሷ እንዴት ከረመች? የአትክልት ቦታዋ ከድርቁ ተረፈ ወይ? የልጅ ልጆችህስ ትምህርታቸው እንዴት ነው? ይህን ሁሉ የምጠይቅህ ለወግ ያህል አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ እፈልጋለሁ።

እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ አለሁ። ባለፈው የበረዶ ወራት ወድቄ የተጎዳው ዳሌዬ ድኗል ይላሉ ሐኪሞቹ፤ ዳሌዬ ግን ይህን ገና አልሰማም። የማገዶ ቅርጫት ማንሳት አልችልም። ደረጃም ግድግዳውን ተደግፌ ነው የምወጣው። ዓይኔ በመነጽር ይሠራል፣ እጄም አይንቀጠቀጥም። ይህን የምጽፍልህ በቀለም ብዕር ነው፤ መስመር ባጣምም መነኩሲቷ መምህሬ እኅት ቤኒግና ከመቃብሯ ተነሥታ ጣቶቼን በማስመሪያ የምትገርፈኝ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ልጅህ ሮበርት እዚህ ቆይቶ በሙታን መታሰቢያ ማግስት ተመልሷል። ያየውንና የሰማውን እርሱ በራሱ አንደበት ነግሮህ ይሆናል። የእኔን ደግሞ በጽሑፍ ያዘው፤ በስልክ ስንነጋገር አንተ ትቆጣለህ፣ እኔ እጮኻለሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም ስለ አየሩ ማውራት እንጀምራለን።

ቤቱ እናታችን ስታርፍ እኩል ለሁለታችን የደረሰ ነው። የእኔ አሳብ ቤቱን ለያሮሚል ኩባትና ለባለቤቱ ለራዳና አስረክቤ፣ እኔ እንደ አያቶቻችን በጓሮ በኩል ወዳለችው የጡረታ ክፍል መግባት ነው። አያታችን ለአባታችን ቤቱን ሲያስረክብ ወዴት እንደ ገባ ታውቃለህ። ወጣቱ ምድጃውን ይረከባል፣ ሽማግሌው ትንሿን ክፍል፣ ማገዶውንና ትኩስ ሾርባውን ያገኛል፣ ሲሞትም ከዚያው ቤት ይወጣል። አንተ ግን ፊርማህን ከለከልክ። ምክንያትህም በሮበርት በኩል ደረሰኝ፤ «የቻፖች ቤት ከቻፕ ደም መውጣት የለበትም» ብለሃል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለዚህ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው።

በመጀመሪያ ኩባቶች እነማን እንደ ሆኑ ልንገርህ። ከሰሜን፣ ከከሰል አገር፣ የመጡ ናቸው። ፎቁን ተከራይተው ከገቡ ዓመታት ሆኗቸዋል። እርሱ የዓሣ ኩሬዎቹ ሠራተኛ ነው፤ እርሷ ዳቦ ቤት ትሠራለች። አኔሽካ የምትባል አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። እርሱ በር ሲዘጋ ቤቱን ያናውጣል። እርሷ ድንች ስትልጥ ግማሹን ከልጣጩ ጋር ትጥላለች፤ ነግሬያታለሁ፣ አልተሻሻለችም። ይህን የምጽፍልህ መላእክት ናቸው እያልኩ እንደማላታልልህ እንድታውቅ ነው። ነገር ግን ግቢው ውስጥ በረዶ ላይ ወድቄ ሳለሁ ጩኸቴን ሰምቶ በካልሲው የሮጠው ያሮሚል ነው። እኔ ከመነሣቴ በፊት ምድጃው ነድዶ ይቆየኛል። ሳልጠይቃቸው ለእኔ የሚያደርጉትን አንድ በአንድ ብጽፍልህ ወረቀቱ አይበቃኝም፤ ራዳናም ታፍራለች።

አሁን ወደ ሮበርት ልመለስ። የመጣው በብርጭቆ የተሸፈነ ትልቅ ነገር በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ነው። ሲገልጠው የዘር ዓርማ ሆነ። በሰማያዊ ጋሻ ላይ በአንድ እግሩ የቆመ ሽመላ እባብ ነክሷል፤ ከበላዩም የብረት ራስ ቁር አለ። ከሥሩ ቻፕ ማለት ሽመላ ማለት እንደ ሆነ፣ የእኛም አባቶች ፈረሰኛ ጦረኞች እንደ ነበሩ፣ ሽመላውንም የተሸለሙት እንቅልፍ ባለማወቃቸው እንደ ሆነ ተጽፏል። ሽመላ ማለቱ እውነት ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን የጻፈው ሰው ዛብሮዲን በካርታ ላይ እንኳ ያየ አይመስለኝም። ሮበርት ይህን በወላጆቻችን መቃብር ድንጋይ ላይ ሊያስቀርጽ ይፈልግ ነበር።

«ድንጋይ ጠራቢውን አነጋግሬዋለሁ፣ አክስቴ፤ ከሙታን መታሰቢያ በፊት ይደርስልናል» አለኝ።

«አያትህ በሕይወቱ የጨበጠው ብረት ማጭድና የዓሣ መንጠቆ ነው። ራስ ቁር አድርጎ ያየው ማነው?» አልኩት።

«ምሳሌ እኮ ነው፣ አክስቴ።»

«መቃብር ላይ ምሳሌ አይቀረጽም፤ ስምና ዓመት ነው የሚቀረጸው» አልኩት። እርሱም እንደ አንተ መንጋጭላውን አጠበቀ። ያን መንጋጭላ አውቀዋለሁና ያን ቀን አልገፋሁም።

ቬንዳ፣ በአገራችን ቻፕ የሚባል ሰው ብዙ ነው፤ ሁሉም ግን ዘመዳሞች አይደሉም። አንዱ ቅድመ አያቱ እግረ ረጅም ቀጭን ነበርና ሰፈሩ ሽመላ አለው። ሌላው ቀይ ካልሲ ይወድ ነበር። ሌላው ሱሪውን ሰብስቦ ረግረግ ውስጥ ሲራመድ የሚውል ነበር። ስለ እነርሱ የምጽፈው እንደ ሰማሁት ነው፤ በእርግጠኝነት አላውቅም፣ ስለማላውቀውም አልምልም። ስለ እኛ ግን አውቃለሁ። የሚያሳዝነው፣ አንተ የነገሩን ግማሽ ከእኔ በፊት ታውቅ ነበር፤ ምን እንደ ሆነ ግን ማንም አልነገረህም።

የብላሃን ልጅ፣ የዛሬውን ሽማግሌ ብላሃን፣ ታስታውሰዋለህ? ትምህርት ቤት በር ላይ «ሼቤስታ! መጤው ሼቤስታ!» እያለ ሲጮኽብህ ተደባድበህ፣ አፍንጫህ እየደማ ቤት መጣህ። እናታችን ደሙን እያጠበች «ዝም በላቸው፤ አንተ ቻፕ ነህ፣ ከጥፋት ውኃ ጀምሮ ቻፕ ነህ» አለችህ። የምታለቅስን ልጅ ማባበያ ነበር። አንተ ግን ያን ማባበያ ይዘህ ባሕር ተሻገርክ፤ ለሮበርትም አወረስከው፤ ሮበርት ደግሞ ራስ ቁር ጨመረበት።

እኔ በዕድሜ እበልጥህ ነበርና በማባበያ አልረካሁም። በማግስቱ አባታችን መረብ ሲጠግን መጋዘን ውስጥ አገኘሁትና ሼቤስታ ማን እንደ ሆነ ጠየቅሁት። አባታችን አልተቆጣም፤ ሳቀ። «ሼቤስታማ እኛ ነን» አለኝ። ከዚያም ቋጠሮውን እያጠበቀ የነገረኝን፣ እኔም ኋላ ከሽማግሌዎች ደጋግሜ የሰማሁትን፣ እንዲህ አድርጌ እጽፍልሃለሁ።

ቤታችን ሲሠራ ባለቤቱ ማን ይባል እንደ ነበር የሚያውቅ የለም። የሚታወቀው፣ በጭስ ማውጫው ላይ ሽመላ ጎጆ እንደ ሠራ ነው። ከረግረጉ ቅርብ የነበረው ቤት የእኛ ብቻ ነበር፤ ሽመላም ከእንቁራሪት ርቆ አይኖርም። ባለቤቱ ጎጆውን ከማፍረስ ይልቅ የጋሪ መንኮራኩር አውጥቶ አጋደመለት፣ ለራሱ ሌላ ጭስ ማውጫ ሠራ። ሰፈሩም ቤቱን «የሽመላው ቤት» አለው። በዚያ ዘመን የሰው ስም የቤቱ ነበር። ወደ ወፍጮው የገባ ወፍጮ ይባላል፣ ከዋርካው ሥር የተቀመጠ ዋርካ ይባላል፣ ወደ ሽመላው ቤት የገባም ቻፕ ይባላል። ሲወጣ ስሙን በሩ ላይ ትቶ ይሄዳል። አንድ ቻፕ ሴት ልጅ ብቻ ወልዶ ሞተ፤ ያገባት ከሌላ መንደር የመጣ ሰው ቻፕ ሆነ። እርሱ ሞቶ ካተርዢና የምትባል መበለት ትቶ ሄደ።

ማቶውሽ ሼቤስታ በአካፋው ብቻ መጣ። ኩሬ ቆፋሪ ነበር፤ ከኮረብታው ማዶ። ግድቡ ሲጠገን በመበለቲቱ ጋጣ አደረ፣ ግድቡ ሲያልቅ ግን አልሄደም። ከጾሙ በፊት ተጋቡ። ሰፈሩ እስከ ዛሬ «ሰኞ ሼቤስታ ሆኖ ገባ፣ እሑድ ቻፕ ሆኖ ቤተ ክርስቲያን ሄደ» ይላል። ቄሱም ቻፕ ብለው ጠሩት፣ የመሬቱ ጌታ ሹምም ቻፕ ብሎ አሠራው። ምንም ብለው ቢጠሩት ግድ አልነበረውም፤ ምድጃው ይሞቅ ነበርና። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ «ከእንግዲህ ሁሉም ሰው አንድ ስም ይዞ ለልጆቹ ያውርስ» ብለው አዘዙ። ትእዛዙ ሲደርስ ማቶውሽ እዚያው ቤት እግሩን እያሞቀ ነበርና ስሙ እንደ ጭቃ ተጣበቀብን። ትንሽ ቀደም ብሎ ደርሶ ቢሆን አንተ ዛሬ አዴላይድ ውስጥ ቬንደሊን ሼቤስታ ተብለህ ትኖር ነበር፤ ሮበርትም ሌላ እንስሳ ያለበት ጋሻ ይገዛ ነበር።

ስለዚህ ወንድሜ፣ አጥንት ከቆጠርን የቻፕ ደም የሚባል ነገር በእኛ ውስጥ አንድ ጠብታ የለም። ስሙ የወረደው ከጣራ ነው። ሰፈሩ ሲቆጣን ሼቤስታ የሚለን ለዚህ ነው፤ መጤ መሆናችንን ሊያስታውሰን። በዛብሮዲ ሁለት መቶ ዓመት መቀመጥ ሲጣሉህ ይረሳል።

ይህን ለሮበርት ወዲያው አልነገርኩትም። የነገረው ኩሬው ነው ማለት ይቻላል።

ትልቁ ኩሬ ውኃው ተለቆ ዓሣው የሚወጣበት ቀን ነበር። ሮበርት «እኔም እሠራለሁ» አለ። ከከተማ አዲስ አረንጓዴ የጎማ ቦቲ ገዝቶ ጎሕ ሲቀድ ከእኛ ጋር ግድቡ ላይ ቆመ። ንግግሩ አንተ ያስተማርከው ነው፤ አንተ ከሄድክ ወዲህ ማንም የማይናገረው የድሮ ቃል ከአፉ ሲወጣ ወጣቶቹ ሳቃቸውን ይውጣሉ። ሽማግሌው ብላሃ ሮም አረቄ የተጨመረበት ሻዩን ይዞ ሣጥን ላይ ተቀምጧል። የኩሬው አለቃ ሺሜቼክ፣ ጢሙ ላይ ጤዛ ይዞ፣ ሮበርትን ዓሣ ከሚመረጥበት ጠረጴዛ አጠገብ አቆመውና «ጌታው፣ ትልቁን ካርፕ ዓሣ ወዲህ፣ ትንሹን ወዲያ» አለው። ሰዎቹ በመስመር ሆነው መረቡን ወደ ዳር መሳብ ጀመሩ። መረቡ በአንድ በኩል ላላ፣ ዓሣው ሊያመልጥ ውኃውን አናወጠው፣ ሺሜቼክም «ቻፕ! ዳሩን ያዝ! ቻፕ፣ ምን ታፈጣለህ!» ብሎ ጮኸ።

ሮበርት ጠረጴዛውን ትቶ ዘለለ። ፊቱን ብታየው! ስሙ በአባቶቹ ኩሬ ላይ ተጠራ። እስከ ጭኑ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ቆመ፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አልሆነለትም። ዳሩን ግን ያሮሚል ይዞት ነበር፤ «አቤት!» ያለውም እርሱ ነው።

«ሽመላ ጭቃ ውስጥ አይሰምጥም እኮ!» አለ ብላሃ ከሣጥኑ ላይ። «ይሄኛው የከተማ ሽመላ ነው መሰለኝ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሺሜቼክ ሳይስቅ «አንተን አይደለም የጠራሁት፣ ወንድሜ፤ የቤቱን ቻፕ ነው» አለው።

«ቻፕ እኮ እኔ ነኝ! ፓስፖርቴ ላይ አለ!» አለ ሮበርት።

«ፓስፖርትህ መረብ ይስባል?» አለው ሺሜቼክ፤ ከዚያም ወደ ሥራው ዞረ። ያሮሚል መረቡን ለሌላ ሰጥቶ ሮበርትን በቀበቶው ይዞ አወጣው። አንዱ ቦቲ ጭቃው ውስጥ ቀረ። ልጅህ በአንድ ቦቲና በአንድ ካልሲ መንደሩን አቋርጦ ቤት ገባ፤ እኔም በምርኩዜ አጠገቡ እየሄድኩ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ለእኔ ይህ ቀላል እንዳልነበረ ታውቃለህ።

ቀትር ላይ ራዳና የዓሣ ሾርባ አቀረበች። ሮበርት ማንኪያውን አስቀምጦ ያሮሚልን «ስምህ ኩባት ነው። ቻፕ ሲሉህ ለምንድነው አቤት የምትለው?» ብሎ ጠየቀው። በንዴት ነበር፤ ግን በጨዋነት።

ያሮሚል ዳቦውን እየቆረሰ «መጀመሪያማ አልመልስም ነበር» አለ። «ሺሜቼክ ጠራኝ፣ ጠራኝ፣ አልሰማ ስለው በካርፕ ወረወረኝ። ጆሮዬ ላይ አረፈ። ትልቅ ካርፕ ነበር።»

«እኔ ነኝ ቅርፊቱን ከፀጉሩ የለቀምኩት» አለች ራዳና።

«ከዚያ ወዲህ አቤት እላለሁ» አለ ያሮሚል። «የሚጠሩት እኔን አይደለም እኮ፣ ቤቱን ነው። ቤቱ ራሱ መልስ መስጠት ስለማይችል እኔ እመልስለታለሁ።»

ሮበርት ማንኪያውን አንሥቶ ሾርባውን ጨረሰ። በማግስቱ ብቻችንን ስንሆን ማቶውሽ ሼቤስታን ነገርኩት። ከላይ ለአንተ እንደ ጻፍኩት አድርጌ ነው የነገርኩት፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ፊቱ ቀላ። «ታዲያ እኛ ማን ነን፣ አክስቴ?» አለኝ። «እዚያ ምድጃ ላይ እሳት ያነደደ ሁሉ ቻፕ ነው። ማቶውሽ አነደደ፣ አያትህ አነደደ፣ እኔ አነደድኩ። ከእኔ በኋላ ማን ያነድዳል? አንተ ትመጣለህ?» አልኩት። ጨካኝ ጥያቄ አልነበረም፤ ባዶ ምድጃ ስላለኝ ነው የጠየቅሁት። አዴላይድ ውስጥ መድኃኒት ቤት አለው፣ ሚስት አለችው፣ ልጆቹ የእኛን ቋንቋ ሰላምታ ብቻ ነው የሚያውቁት። «አልመጣም» አለ። በቀጥታ ስለ መለሰልኝ አከበርኩት።

አሁን ስለ መንኮራኩሩ ልንገርህ፤ ይህን ለመጻፍ ከሁሉ ይልቅ ከብዶኝ ነበር።

በመስከረም ማዕበል የጭስ ማውጫው መንኮራኩር ተሰብሮ ወደቀ። ሽመሎቹ ቀድመው ሄደው ነበርና የተጎዳ የለም። ያ መንኮራኩር፣ አንተ አገር ለቀህ በሄድክበት ዓመት በጸደዩ፣ ከአባታችን ጋር አንድ ላይ ያወጣችሁት ነው። አንተ ጣራው ላይ ሆነህ ስትጎትት እናታችን ከታች «ትወድቃለህ!» እያለች ፊቷን በሽርጧ ትሸፍን ነበር። በዚያው ዓመት በልግ አንተ ሄድክ። አባታችን ከዚያ በኋላ ሌላ መንኮራኩር አላወጣም። እንጨቱ ሲሰነጠቅ በሽቦ አሰረው። ሲበሰብስ ሌላ ሽቦ ጨመረ። ጎረቤት አዲስ ቢሰጠው «ይሄ ገና ደህና ነው» ይል ነበር፤ ደህና አልነበረም። አገር ጥሎ የወጣን ሰው ስም መጥራት በመንግሥት ዘንድ በሚያስጠይቅበት በዚያ ዘመን፣ በየጸደዩ መሰላሉን አቁሞ፣ ሽቦውን አጥብቆ ይወርድ ነበር። ስምህን አይጠራም፤ እኛም አንጠይቀውም። እርሱ ካረፈ በኋላ እኔም ሰው እየለመንኩ አሳሰርኩት። አሁን የቀረው ሽቦው ብቻ ነበር ማለት ይቻላል።

ያሮሚል ስብርባሪውን ከማንሣቱ በፊት ጠየቀኝ። ማንም አልነገረውም፤ ሽቦውን አይቶ ነው። «እማማ፣ ይሄ ዝም ብሎ የታሰረ አይደለም፤ ልጣለው ወይስ ይቀመጥ?» አለኝ። እኔም እንዲቀመጥ ነገርኩት፣ ወደ ውስጥ ገብቼም ጥቂት ቆየሁ።

አዲሱ መንኮራኩር ከየት እንደ መጣ አትገምትም፤ ከብላሃ ጎተራ ነው። ሽማግሌው ራሱ በጋሪ አምጥቶ «እኔ ዘንድ ከሚበሰብስ ሽመላ ይቀመጥበት» ብሎ በራችን ላይ አራገፈው። ከሙታን መታሰቢያ በፊት ያሮሚልና ሮበርት ጣራው ላይ ወጡ። ሮበርት አንድ ቦቲ ብቻ ቀርቶት ነበርና የአባታችንን የድሮ ቦቲ ሰጥቼው ነበር፤ ልክ ሆነለት። ሁለቱ ሲጎትቱ እኔ ከታች ቆሜ እንደ እናታችን ፊቴን ልሸፍን ምንም አልቀረኝም፤ ሰው ያያል ብዬ ተውኩት። ብላሃ ከመንገድ ላይ ምርኩዙን አንሥቶ እንደ ልጅነቱ «ሼቤስታ!» ብሎ ጮኸ። ከጣራው ላይ ሁለቱም በአንድ ድምፅ «አቤት!» አሉት። ብላሃ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ስድብ ሳቅሁ። አንተ እዚያ ብትሆን እላለሁ፤ አፍንጫህ የደማበት ነገር በዚህ አለቀ።

በሙታን መታሰቢያ ቀን መቃብሩን አጠብን፣ ሻማ አበራን። ሮበርት ስለ ድንጋይ ጠራቢው አላነሣም። ጋሻው አሁንም በብርድ ልብሱ ተጠቅልሎ ኮሪደሩ ውስጥ አለ። ከተሰበረው መንኮራኩር አንድ እንጨት ሊያመጣልህ ፈልጎ ነበር፤ የእናንተ ጉምሩክ እንጨት አያስገባም አለና የአባታችንን ሽቦ ቆርጦ ወሰደ። የሰጠህ ዝገት የበላው ሽቦ ቆሻሻ አይደለም፤ ማርግሬት እንዳትጥለው ንገራት። ስለ ቤቱ ግን ምን ሊመክርህ እንዳሰበ አልጠየቅሁትም። ፊርማው የአንተ ነው፤ አሳቡም የአንተ እንዲሆን እፈልጋለሁ።

ብትከለክል የሚሆነውን በግልጽ ልጻፍልህ፤ ማስፈራሪያ አይደለም። ኩባቶች ግማሽ ቤት መያዝ አይችሉም፣ ሌላው ግማሽ ነገ ለማን እንደሚሆን ስለማያውቁ። የኩሬዎቹ ባለቤቶች ያሮሚልን በሌላ መንደር ቤት እንስጥህ ብለውታል፤ መልሱን የሚጠብቁት በጸደይ መግቢያ፣ በቅዱስ ግሬጎሪዮስ ቀን ነው፤ ሽመላ ባሕር ይሻገራል በሚባልበት ቀን። እነርሱ ከሄዱ እኔ ማገዶ ማንሣት ስለማልችል ከተማ ወዳለው የአረጋውያን ቤት እገባለሁ። እዚያ ንጹሕ ነው፣ ሾርባውም መጥፎ አይደለም፤ አይቼዋለሁ። ቤቱ ግን ይዘጋል። እሳት የማይነድበት ቤት ባንድ ክረምት እንዴት እንደሚሻግት ታውቃለህ። ሺሜቼክም በሚቀጥለው ዓመት ኩሬው ላይ «ቻፕ!» ብሎ አይጠራም፤ አቤት የሚል የለምና። ስሙ በዛብሮዲ የሚያበቃው ያን ቀን ነው። በአዴላይድ ፓስፖርት ላይ ይኖራል፤ ግን እዚያ ለማንም ምንም አይደለም፣ አንተው ስምህን ፊደል በፊደል እየቆጠርክ እንደምትነግራቸው ጽፈህልኛል።

ስለዚህ ስሙ እንዲኖር ከፈለግህ ቤቱን ስጥ። ከዚህ የተሻለ አነጋገር አላገኘሁለትም።

በየጸደዩ የሚመጡት ሽመሎች ያው የድሮዎቹ እንዳልሆኑ ታውቃለህ። እግሩ ላይ ቀለበት የነበረው ወንዱ ቀርቷል፤ ሌላ፣ ቀለበት የሌለው፣ መጥቷል። ሰፈሩ ግን አይቶ «የቻፖች ሽመሎች መጡ» ነው የሚለው። ለመንኮራኩሩ ፈቃድህን አልጠየቅሁም፤ ወፎቹ ወረቀት አይጠብቁም። ለቤቱ ግን እጠይቅሃለሁ። እንደ ታላቅ እኅት አላዝህም፤ እጠይቅሃለሁ።

ማርግሬትን እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ፤ የላከችልኝ የሱፍ ካልሲ እግሬ ላይ ነው። ለልጅህ ሚስትና ለሁለቱ የልጅ ልጆችህ ሰላምታዬን አቅርብ፤ ሰላምታውን በቋንቋችን እንዲመልሱልኝ ይሞክሩ፣ ስሕተት ቢኖርም አልገስጽም። ያሮሚልና ራዳና ሰላም ይሉሃል፤ ስለ ፊርማው አንድ ቃል እንዳልጻፍ ለምነውኝ ነበር፣ እንደምታየው አልሰማኋቸውም። አኔሽካ የሳለችውን ሽመላ አብሬ ልኬልሃለሁ፤ ጉልበቱ በተሳሳተ በኩል ነው የታጠፈው፣ ግን አንተም ደግመህ እንዳትነግራት፤ እኔ ነግሬያታለሁ። ብላሃ «ያን ድብድብ ማን እንዳሸነፈ ጠይቂው» ብሏል። ለሮበርት ደግሞ ቦቲው መገኘቱን ንገረው። ያሮሚል ከኩሬው ጭቃ ቆፍሮ አወጣው፣ አጠበው፣ አሁን ምድጃው አጠገብ ተገልብጦ እየደረቀ ነው። ጥንዱን ከአባታችን ቦቲ ጎን አስቀምጥለታለሁ፤ ተመልሶ ሲመጣ በር ከፍቶ የሚያስገባው ሰው ቤቱ ውስጥ ካለ፣ ቦቲው ይጠብቀዋል።

እኅትህ ኦቲሊዬ

ዛብሮዲ፣ በቅዱስ ማርቲን ዋዜማ፣ ኖቬምበር 10 ቀን 2019